ጉንጫቸው እስኪቀላ አንቱ ነበሩ

አማቴ አንቱ የሚሉን አምስት ነበርን፤ እኔና አራት የወፍ ጫጩቶች።

አማቴ ስል የባሌን አባት ማለቴ ነው። ቡታጅራ ውስጥ አናጢ ሆነው ያረጁ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰውዬ ነበሩ። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ ሞባይል የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ባሌ የማረቆ በርበሬ እየሰበሰበ መርካቶ የሚያራግፍ ነጋዴ ስለነበረ፣ የሠርጉ ግርግር ሳይበርድ እኔን ለእናት ለአባቱ አስረክቦ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለአረፋ እመጣለሁ ብሎኝ ሄደ። እኔም ከማላውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች ጋር በማላውቀው ግቢ ቀረሁ።

በዚያ ላይ ጉራጊኛችን አይገጥምም። እኔ የምናገረው የቸሃን ነው፣ እነሱ የመስቃንን። እኔ አንድ ነገር ባልኩ ቁጥር የባሌ እናት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እሳቸው ሲናገሩ ደግሞ እኔ ግማሹን አልሰማም። ስለዚህ አማርኛ ላይ ተገናኘን። ለሦስታችንም ከእናት ጡት ጋር ያልመጣ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ የለቀምነው አማርኛ ነው፤ ግን ሦስታችንንም ቻለን።

የባሌ እናት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው አንቺ አሉኝ። «አንቺ፣ ውሃ!» «አንቺ፣ ቆጮው አረረ!» አማቴ ግን አንቱ። ጠዋት ከጓዳ ስወጣ ድምፄን ሲሰሙ «ደህና አደሩ?» ይሉኛል። ሃያ ዓመት ያልሞላኝን ልጅ! ለምራት እንዲህ ማለት ወግ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም አንቱ በተባልኩ ቁጥር እንደ እንግዳ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ሰው ቤቱ ውስጥ አንቱ አይባልም። የባሌ እናት ሲጮኹብኝ እንኳ ከዚህ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር አሁን ልናገር፤ ኋላ ያስፈልገናል። ግራ ጉንጬ ላይ፣ ከዓይኔ በታች፣ ቀይ ምልክት አለ። ከተወለድኩ ጀምሮ ያለ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ ስናደድ ደግሞ ይደምቃል፤ እኔም ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። ወልቂጤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «ማርያም ስማት ነው» ይሉ ነበር። እናቴ ደግሞ አንቺን ሳረግዝ በርበሬ አምሮኝ ጉንጬን ነክቼ ነው ትላለች። ማርያምም ትሁን በርበሬ፣ ሰው ሲያናግረኝ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሻሼን በግራ በኩል ወደ ፊት ሳብ አድርጌ ማሰር የለመድኩት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። የባሌ እናት መጀመሪያ ቀን አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩና «ይታከማል?» ብለው ጠየቁኝ። አይታከምም አልኳቸው። «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብለው ተዉት፤ ከዚያ ወዲያ አላነሱትም።

አማቴ ግን አንድም ቀን አላዩትም። ሲያናግሩኝ ዓይናቸው ከጆሮዬ በላይ፣ ወይም ከትከሻዬ ጀርባ ነው። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው እል ነበር። በዚያ ግቢ የወደድኩት የመጀመሪያ ነገር ይኸው የእሳቸው ጨዋነት ነበር።

ሁለተኛው ወፎቹ ናቸው።

ከእንሰቱ አጠገብ፣ ከሥራቸው በተረፈ ጣውላና በወንፊት ሽቦ የሠሩት ሰው ቆሞ የሚገባበት የወፍ ቤት ነበራቸው። ውስጡ ሰማያዊ ድንቢጦች ናቸው፤ ጀርባቸው አፈር የመሰለ፣ ደረታቸውና ጅራታቸው ሰማያዊ። ከዓመታት በፊት ግራር ሲቆርጡ ጎጆው ከነጫጩቶቹ ወድቆ ነው አሉ ያመጧቸው። «ይህች ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ከተርብ ቤት ጎን ነው። ተርቡን ዘበኛ አድርጋ ማለት ነው። እኔ ያንን መቼ አውቄ! ዛፉ ሲወድቅ ዘበኞቹ እኔ ላይ ተነሱ» ብለው አጫወቱኝ። ፊታቸው አብጦ ለሳምንት ሰው አላወቃቸውም፤ ጫጩቶቹን ግን አልጣሉም።

ትልልቆቹን መለየት ሕፃን ልጅም አያቅተውም። ወንዱ ጉንጩ ላይ ቀይ ነጥብ አለው፣ እንደ ተቀደደ በርበሬ ደማቅ። ሴቷ የላትም። ጫጩቶቹ ግን ከጎጆ ሲወጡ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሁሉም ደብዛዛ፣ ሁሉም ጥቁር መንቁር፣ ሁሉም ባዶ ጉንጭ። እኔ በገባሁበት ክረምት አራት ነበሩ፤ ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም።

እኔ እንግዲህ ነገር ሳልጠይቅ የማልውል ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ሽቦው ላይ ተለጥፌ «ያቺ ሴት ናት?» አልኳቸው።

«ያቺ አይባልም» አሉ።

«እሺ፣ ያ?»

«ያም አይባልም። እርስዎ ለማያውቁት ሰው ምን ይላሉ?»

«አንቱ።»

«በቃ፣ እነዚህንም እስክናውቃቸው አንቱ ነው። እኚያኛው በሉ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሳስበው ግን ልክ ናቸው። አማርኛ አያስቀምጥህም፤ አንድ ወፍ በላ ለማለት እንኳ አስቀድመህ ወንድ ይሁን ሴት መቁረጥ አለብህ። የባሌ እናት ትንሽ ነገር ሁሉ ሴት ነው ብለው አራቱንም እሷ፣ እሷ ይላሉ። አማቴ በዚህ ይናደዱ ነበር፤ ትንሽ መሆን ሴት አያደርግም፣ አንዴ እሷ ካልሽው ደግሞ ዓይንሽ እሷን ብቻ ነው የሚያየው ይሏቸዋል። አንቱ ግን ለወንድም ለሴትም ያው ነው። «እሳቸው ዛሬ ምግብ ዘግተዋል» ማለት ትችላለህ፤ አልዋሸህም። ጉንጫቸው የቀላ ዕለት አንተ ይሆናሉ። ቤተኛ ሆኑ ማለት ነው።

ታዲያ እኔስ መቼ ነው ቤተኛ የምሆነው ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ያዘኝ። ጠዋት ጠዋት ግቢውን ጠርጌ፣ ውሃ ቀድቼ፣ የጤፍ ግርዱን በቆርቆሮ ይዤ ወደ ሽቦው እሄዳለሁ። ጎረቤት ሁሉ መላ ነበረው። የባሌ እናት እንቁላሉ ሹል ከሆነ ወንድ፣ ድቡልቡል ከሆነ ሴት ነው አሉኝ፤ ግን እንቁላሉ ተፈልፍሎ አልቋል፣ አሁን ምን ይጠቅመኛል? ቆጮ የምታሻሽጥ ጎረቤታችን ጮክ ብሎ የሚበላው ወንድ ነው አለች፤ ባሏን እያየች ይመስለኛል የተናገረችው። እኔ በራሴ ምስጥ የሞላ ጉቶ አምጥቼ ማን ቀድሞ እንደሚመጣ አየሁ። አራቱም እኩል መጡ። መላ ባጣሁ ቁጥር የባሌ እናት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ያናድዱኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከነከነኝ። ለአማቴ ነገርኳቸው። «ወንዱ ባለው ነገር ታወቀ፤ ይሁን። ሴቷ ግን በሌላት ነገር ነው የምትታወቀው። ጉንጯ ዛሬም ባዶ፣ ነገም ባዶ። ታዲያ ሴት መሆኗንና ያልደረሰ ወንድ መሆኑን በምን እንለያለን?»

«በመጠበቅ» አሉ።

«እስከ መቼ?»

«እሱን ነው ያላወቅኩት» ብለው ያለ ድምፅ ሳቁ። ይህን መልሳቸውን ወደድኩት። የማያውቁትን አላውቅም የሚል ሽማግሌ በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም።

መስከረም ሊጠባ ሲል ነው፣ ዝናቡ ባረፈ አንድ ጠዋት። አማቴ ቀድመውኝ ሽቦው ጋ ቆመው ነበር። ገና ከማድ ቤት በር ላይ ሳለሁ አየሁት፤ ዝቅተኛው እንጨት ላይ ካሉት አንዱ ጉንጩ ላይ ሁለት ቀይ ጠብታ ወጥቶበታል። እርጥብ ግራጫ ጠዋት ስለነበረ እንደ ፍም ነው የሚታየው።

«ደህና አደሩ አባባ? ዛሬስ?» አልኳቸው፣ ምሥራቹን ከአፋቸው ልሰማ።

ፊታቸውን ሽቦው ላይ አስጠግተው ቆዩ። «ገና ናቸው። አራቱም አንቱ ናቸው» አሉ።

እያሾፉብኝ መሰለኝ። «አባባ! እኚህ ቀልተዋል እኮ!»

«የቱ?»

«እኚህ! አፍንጫዎ ሥር ያሉት!»

ወፉ ከአፍንጫቸው አንድ ክንድ አይርቅም። አማቴ ግን ያዩ የነበረው ላይኛውን እንጨት ነው። ላይኛው እንጨት ላይ ምንም የለም። ወፉ ብር ብሎ ወደ ማዶ ተሻገረ፤ እሳቸው ክንፉን ሰምተው ዘግየት ብለው ዞሩ፤ የዞሩትም ትንሽ ወደ ቀኝ አልፈው ነው። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ብዙ ነገር በአንዴ መጣልኝ። ለምን እኔ ሳልናገር ደህና አደሩ እንደማይሉኝ። ለምን የውሃውን ጣሳ ጣታቸውን አስገብተው እንደሚሞሉ። ጥላ ውስጥ ዘወትር ግድግዳውን ለምን እንደሚነኩ። ከዚያ ደግሞ የመጨረሻው መጣ፤ ጉንጬ። እንግዲህ ጨዋነት አልነበረም። ሰውዬው እኔን አይተውኝ አያውቁም።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ ተናደድኩ። አንድ ሰው ምልክቴን አይቶ እንዳላየ የሆነልኝ መስሎኝ ስንት ጊዜ በልቤ መርቄያቸዋለሁ! ሐዘኑ የመጣው ቆይቶ ነው፤ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በጣም ቀልተዋል?» ብለው ሲጠይቁኝ።

«በጣም» አልኩ።

«ወላሂ አላየሁም» አሉ። ከዚያ ሽቦውን በሁለት እጃቸው ያዙና ነገሩኝ። ጭጋግ ነው የመሰላቸው መጀመሪያ፤ ጠዋት ጠዋት መጥቶ የሚገፈፍ ጭጋግ። ኋላ ቀኑን ሙሉ መገፈፍ ተወ። አሁን ጥላና ብርሃን ይለያሉ፤ ቀለም የለም። የፈሩት ሞትን አይደለም። የባሌ እናት የወፉን ቤት አፍርሰው በቦታው የሚከራይ ሰርቪስ ቤት መሥራት ከፈለጉ ቆይተዋል፤ አማቴ ናቸው እምቢ ያሉት። «ዓይኔ እንደጠፋ ካወቀች፣ ማየት ለማትችለው ወፍ ምን ያደርግልሃል ትለኛለች። ምን ብዬ እመልሳለሁ? እሷን ደግሞ ያውቋታል፤ የተናገረችውን ትሠራለች። እነዚህ ከሄዱ እኔ ግድግዳ ሥር የሚቀመጥ ሰው እሆናለሁ። እባክዎ አይንገሩብኝ።»

አልናገርም አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናቸው ሆንኩ።

ሰው የማያየውን ነገር ለሌላ ሰው መንገር እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። «ቀልቷል» ብል አይበቃቸውም። የት ጋ ነው የጀመረው? ከጆሮው ሥር ነው ወይስ ከመንቁሩ በኩል? ደማቅ ነው ወይስ ዝገት? መንቁራቸውስ እንደ ጠቆረ ነው? እሳቸው በጠየቁኝ ቁጥር እኔ ከዚያ በፊት ያላየሁትን አያለሁ። ቀዩ የሚወጣው አንድ ጊዜ አለመሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት፤ መጀመሪያ አንድ ላባ፣ ከዚያ አጠገቡ ሌላ፣ ከዚያ ሁለቱ ይገናኛሉ። ጥቁሩ መንቁርም ከሥሩ ጀምሮ እየነጣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሐምራዊ ይሆናል። የመጀመሪያው ጉንጭ ሲሞላ አማቴ በሽቦው በኩል «እንኳን ደህና መጣህ፣ አንተ!» አሉት። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው ቀላ፤ እሱንም ተቀበሉት።

የቀሩት ሁለት አንቱዎች ናቸው። አንደኛው ዝምተኛ ነው፤ ጉንጩም ባዶ። ክርክር ያመጣብን ሁለተኛው ነው። መንቁሩ እንደ ትልቆቹ ሆኗል፣ ሰማያዊው ደምቋል፣ ጉንጩ ላይ ግን አንድም ቀይ ላባ የለም። ደረቅ ሳር በመንቁሩ ይዞ ራሱን ቀና አድርጎ እንጨቱ ላይ ይዘላል፤ እየዘለለም ይዘፍናል።

«ወንድ ናቸው» አሉ አማቴ ድምፁን ሰምተው። «ትንሽ ይጠብቁ፣ ይቀላሉ።»

«መንቁራቸው እንኳ ደርሷል፤ የቀረ ነገር የለም አባባ። ሁሉም ነገር ደርሷል። የጉንጩ ቀይ ብቻ ነው የሌለው።»

«ሴት እንዲህ አትዘፍንም።»

«ማን አለ?»

«እኔ። ስንት ዓመት አሳድጌ አይቼ አላውቅም።»

«አሁንስ መቼ አይ...» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሳቸው ግን ሰምተዋል። እኔም ጉንጬ ሲግል ተሰማኝ፤ እሱም ሊታያቸው አይችልም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን ወፍ፣ ያንን ወፍ ልበል፣ እኚያን ወፍ መጠበቅ የሁለታችንም ሥራ ሆነ። እሳቸው በጆሮአቸው ወንድ ነው አሉ፤ እኔ በዓይኔ ሴት ናት አልኩ። ማናችንም አልተረታንም። ውጤቱን ለማወቅ የነበረኝ ጉጉት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ እንደ እሳቸው አይሆንም እንጂ።

ጥቅምት ላይ በአስፋልቱ መኪና ሞንታርቦ እያስጮኸ አለፈ። ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፣ ሞራ የጋረደው ሰው ሁሉ ይምጣ፣ ይታከማል፣ በአንድ ቀን ይገፈፋል አለ። በመስቃንኛም በአማርኛም ደጋገመው። አማቴ ያለፈውን የመኪና ድምፅ እንኳ ያልሰማ ሰው መስለው ጣሳውን አጠቡ።

እኔም ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ማወቅ ቀላል ነው፤ ካዩ እኔንም ያዩኛል። በዚያ አገር ጉንጬን ሳልሸፍን የማናግረው አንድ ሰው እሳቸው ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ሆኜ ሻሼ ሲንሸራተት አልመልሰውም፤ በፈለግኩበት በኩል እቆማለሁ። እሱን ማጣት ከበደኝ። ከሰዓት በኋላ ግን የውሃውን ጣሳ ሲያስቀምጡ እንጨቱን ስተው መሬት ላይ ደፉት፤ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጭቃውን እየዳሰሱ ሲፈልጉት አየሁ። ጣሳው ከእጃቸው በስተጀርባ ነበር። ኤጭ፣ ለጉንጬ ብዬ ይህን ልይ? አልኩ።

ምላጭ ይፈራሉ፤ ሂዱ ብላቸው እንደማይሄዱ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ።

«አባባ፣ እኔ ደክሞኛል። የዚህችን ወፍ ነገር እኔና እርስዎ አንጨርሰውም። እኔ ብነግርዎም አያምኑኝም» አልኳቸው።

«ዘፈኑን እሰማለሁ እኮ!»

«ይስሙ። ሳር ይዘው ሲዘሉ ግን አይሰማም። በዓይንዎ ካላዩ እስከ ዕለተ ሞትዎ አንቱ እያሉ ይቀራሉ። ሞንታርቦውን ሰምተዋል።»

ወፉ ያኔውኑ መዝፈን ጀመረ። አማቴ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እስኪጨርስ አዳመጡ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት ሳይሆን ልጅ የሚያደርገው ዓይነት ማወቅ የመፈለግ ነገር ነበር። ጣሳውን ሰጡኝና ግድግዳውን እየነኩ ወደ ማድ ቤት ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

«አንቺ፣ ዓይኔ ጠፍቷል» አሏቸው ለሚስታቸው፣ ያለ መግቢያ።

የባሌ እናት ጎመን እየከተፉ ነበር። ቢላዋውን እንኳ አላቆሙም። «ጠፍቶ ከረመ እኮ» አሉ።

«አውቀሽ ነው?»

«አምና አረፋ ላይ ለፍየሏ ሰላም አለይኩም ስትል ሰማሁህ። አንተ ሰውዬ፣ እኔ ደንቆሮ ነኝ? ሰርቪስ ቤቱን ለምን ያልሠራሁ መሰለህ? የሚተርፍህ ነገር ይኑርህ ብዬ ነው እንጂ እነዚያ ጯሂዎች ደስ ብለውኝ ነው?»

አማቴ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እኔም ከኋላቸው። የባሌ እናት ጎመኑን ድስት ውስጥ ጨመሩና ነጠላቸውን ፈለጉ። «ሞንታርቦውን ሰምቻለሁ። እስክትናገር ነው የጠበቅኩት። ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አሉ።

በማግስቱ ሄዱ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ አንዱን ዓይን ብቻ ሠርተው፣ ሸፍነው፣ እዚያው አሳደሯቸው። እኔ ቤት ቀረሁ፤ ወፍና ፍየል ማን ያያል? እውነቱን ለመናገር ደግሞ መቅረቱን ፈልጌዋለሁ። ሻሼን ሦስት ጊዜ አስሬ ፈታሁ። ሲመለሱ ቀኝ ጎኔን ሰጥቼ እቆማለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ፣ ነጠላ እደርባለሁ ብዬ ሁሉን አሰብኩ።

የመጡት እኔ በማላስብበት ሰዓት ነው። ማድ ቤት እጄ በሊጥ ተለውሶ፣ ሙቀቱ ሻሼን ወደ ኋላ አስጥሎኝ ሳለ የበሩ መዝጊያ ተንቋቋ። የባሌ እናት «ኧረ ቀስ በል፣ ጎርበጥባጣ ነው!» ሲሉ ሰማሁ። አማቴ ግን ወደ ቤት አልገቡም። ሰላምም አላሉ። ቀጥ ብለው፣ ግድግዳ ሳይነኩ፣ ወደ ሽቦው።

በር ላይ ብቅ ብዬ ከጀርባቸው አየኋቸው። ሽቦውን ይዘው ቆመዋል። «አልሃምዱሊላህ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ይህን ያህል ሰማያዊ ነበሩ እንዴ?» ማንንም አልጠየቁም። «እኔ ዱሮም እንዲህ አላየኋቸውም። ኧረ ይህን ያህል ሰማያዊ አልነበሩም!»

ነበሩ። እኔ በየቀኑ አያቸው ነበር፤ ይህን ግን እንዴት እንደምነግራቸው አላወቅኩበትም።

ያችኛዋ ዘፋኝ ወፍ ከታች ሳር አነሳች። ቀና ብላ ዘለለች፤ ደገመች፤ ዘፈነች። አማቴ በተሠራው አንድ ዓይናቸው፣ ጣውላ ቀጥ ማለቱን እንደሚያይ አናጢ ሌላውን ጨፈን አድርገው አዩዋት። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነፈሱም።

«መንቁሯ ደርሷል፣ ጉንጯ ባዶ ነው። ሴት ናት» አሉ። «ወላሂ ሴት ናት! ሴት ሆና ነው የምትዘፍነው! ይህን ሁሉ ዓመት ይዘፍኑ ነበር ማለት ነው፣ እኔ ሁሉን ለወንዱ እየሰጠሁ! እርስዎ ነዎት ልክ! እርስዎ...»

ይህን እያሉ ወደ እኔ ዞሩ።

ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ሻሼን እንዳልስብ እጄ ሊጥ ነው። ምልክቱ እየጋለ ሲደምቅ ይሰማኛል። አማቴ ጠጋ አሉ፤ ሌላ እርምጃ ጠጋ አሉ። ወፎቹን እንዳዩበት በዚያው ዓይን፣ ጉንጬን ከጆሮዬ ሥር እስከ አፍንጫዬ፣ ምልክቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አዩት። ፊታቸው ላይ ማዘን የለም። ማፈርም የለም። አንድ ነገር ሲፈልጉ ቆይተው ያገኙ ሰው መሰሉ።

«አሃ!» አሉ። «አንተ ኖረሃል ለካ!»

ምን እንዳሉ አልገባኝም።

«ጉንጭህ ይህን ያህል ቀልቶ እኔ አንቱ ስልህ ከረምኩ! አይ የኔ ነገር፤ ወንድ ኖረሃል እኮ! ምነው ዝም አልከኝ?» ብለው ሳቁ፤ ያን ቀን ግን በድምፅ ነው የሳቁት። የባሌ እናት እንኳ ደንግጠው ዞረው አዩን።

እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። በሊጥ እጄ ዓይኔን ጠርጌ ፊቴን ሁሉ ሊጥ አደረግኩት። በሕይወቴ ስለዚያ ምልክት ብዙ ተብያለሁ፤ ያዘነልኝም አለ፣ መድኃኒት ያዘዘልኝም አለ። አይቶት ደስ ያለው ሰው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ባሌ ለአረፋ መጣ። አባቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት፣ ከሳህ አሉት፣ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ዞረው «አንተ! ና እንጂ፣ ባልህ መጥቷል!» ብለው ተጣሩ።

ባሌ ማን ሊመጣ ነው ብሎ ዞር ዞር አለ። በሩን አየ፣ እናቱን አየ። «ማንን ነው?» አለኝ።

«እኔን ነዋ» አልኩት፤ ሻሼን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ወጣሁ።